መኪናው በካርቶን ሲመጣ

እስቲ ለአንድ አፍታ ይህን አስቡ። ባለቤታችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊቱ በደስታ በርቶ ወደ ቤት ይገባና “መኪና ገዛሁ!” ይላል። ልጆቹ እየሮጡ ወደ ደጅ ይወጣሉ። እናንተም የያዛችሁትን ማማሰያ እንኳ ሳታስቀምጡ ትከተሏቸዋላችሁ። ደጅ ላይ ግን መኪና የለም። ያለው አሥራ ሁለት ካርቶን፣ ዝገት የበላው ሞተር፣ አራት ቸርኬ፣ በገመድ የታሰረ የብረት ቱቦና በጆንያ የታጨቀ ቡሎንና ዳዶ ነው። “መኪናው የታለ?” ስትሉት ወደ ካርቶኖቹ እያመለከተ “ይኸው!” ይላችኋል።

ምን ትሉት ይሆን? አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ “ስንት ከፈልክበት?” የሚለው ጥያቄ ይቀድማችኋል። ሁለቱም ትክክል ነው። በእኛ አገር መኪና የሚጠገነው ጋራዥ ነው፤ መለዋወጫ የሚፈለገውም ሶማሌ ተራ ነው። መኪናን ከዜሮ ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ መገጣጠም የሚለው ሐሳብ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ብርቅ አይደለም። አስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው ከሥራ መልስ ቱታውን ለብሶ በቤቱ ጋራዥ ውስጥ የድሮ ስፖርት መኪና ሲገጣጥም ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ይጨርሳል። ብዙው ግን ይጀምርና ይተወዋል።

ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሁላችሁም ስፖርት መኪና እንድትሠሩ አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን አንዱ እንደሚጨርስና ሌላው እንደሚያቆም ስንመለከት ግን ለቤታችን የሚሆን ብዙ ነገር እናገኝበታለን ብዬ ስለማምን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተሸጠው አውስቲን

ታሪኩ የሚጀምረው ከኪሳራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር አዲስ መኪና ማግኘት ከባድ ነበር። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ጥሩ ገበያ ነበረው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሕንድስና ይማር የነበረው ወጣቱ ኮሊን ቻፕማን ከትምህርቱ ጎን ለጎን አሮጌ መኪና እየገዛ ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ በ1947 መንግሥት ለግል መኪናዎች ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የቤንዚን ራሽን አቋረጠ። ቤንዚን ከሌለ መኪና ማን ይገዛል? ገበያው በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ወጣቱ ያጠራቀመውን ትርፍ አብዛኛውን አጣ። እጁ ላይ የቀረው የ1930 ሥሪት የሆነች፣ ገዥ ያጣች አሮጌ አውስቲን ሰቨን ነበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣት ነበር። እርሱ ግን በሰሜን ለንደን፣ በጓደኛው በሄዝል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጀርባ ወደነበረ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። የላይኛውን አካሏን አውልቆ ጣለና በኮምፔንሳቶና በቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ሌላ አካል ሠራላት። በ1948 መኪናዋ ተጠናቀቀች፤ በጭቃና በዳገት መንገድ ለሚደረግ ውድድርም በቃች። ይህች መኪና የመጀመሪያዋ ሎተስ ናት።

እዚህ ላይ እናንተ እኅቶች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ስለ ሄዝል ነው። ሄዝል የወላጆቿን ጋራዥ ብቻ አይደለም የሰጠችው። በሥራው ታግዘው ነበር፤ በውድድርም አብራው ትቀመጥ ነበር። በ1952 የሎተስ ድርጅት ሲቋቋም መነሻ የሆነችው 25 ፓውንድ ከእርሷ የተገኘች እንደነበረች ይነገራል። የመጀመሪያው ወርክሾፕም ከአባቱ ሆቴል ጀርባ የነበረ አሮጌ የፈረስ ጋጣ ነበር። ሁለቱ በ1954 ተጋቡ። ዛሬ ስሙ በዓለም የታወቀው ድርጅት የተወለደው በሰዎች ጓሮ፣ በእጮኛ ገንዘብና በአባት ጋጣ ውስጥ ነው ማለት ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው የአበው ብሂል እዚህም ይሠራል።

ግብር የወለደው ጥበብ

ቻፕማን ብዙም ሳይቆይ መኪናዎቹን ፈታትቶ መሸጥ ጀመረ። ለምን ይመስላችኋል? በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ማንም ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ከፍተኛ የግዢ ግብር ይከፍል ነበር። ግብሩ ከመኪናው የጅምላ ዋጋ ከግማሽ በላይ የደረሰበት ጊዜም ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው መኪናውን በዕቃ መልክ ገዝቶ በገዛ እጁ ቢገጣጥመው ይህ ግብር አይነካውም። ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ወጣት ስፖርት መኪና የሚያገኝበት መንገድ በካርቶን መግዛት ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ ስሟ የገነነው በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨን ናት። ሰቨን እጅግ ቀላል መኪና ነበረች። ሻንሲዋ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እንደ ሸረሪት ድር የተበየደ ነው፤ ላዩ የአሉሚኒየም ላሜራ ለብሷል። በር የላትም፣ ጣሪያዋም ሸራ ነው። ክብደቷ ከግማሽ ቶን በታች ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ የያዙት 1,172 ሲሲ የሆነ ተራ የፎርድ ሞተር ነው፤ ጉልበቱም 40 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበር። ቻፕማን የሚያምነው ጉልበት በመጨመር ሳይሆን ሸክም በመቀነስ ነበር። ቀላል መኪና በትንሽ ሞተር ይፈጥናል፤ በጥሩ ሁኔታ ይታጠፋል፤ በአጭር ርቀትም ይቆማል።

ስለዚህች መኪና የሚነገር አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የግብር ሕጉ ዕቃው ከመገጣጠሚያ መመሪያ ጋር እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር። ታዲያ ሎተስ ምን አደረገ? የመገጣጠሚያ መመሪያ ሳይሆን የመፍቻ መመሪያ አብሮ ሰጠ! ገዥው መመሪያውን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ ኋላ እያነበበ መኪናውን ይገጣጥማል። ሕጉም አልተጣሰ፤ መኪናውም ቆመ።

ይህ ሁሉ ያበቃው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት የግዢ ግብር ተሽሮ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ። በዕቃ መልክ መግዛትም የቀድሞ ጥቅሙን አጣ። ሎተስ የሰቨንን መብት ከለንደን በስተደቡብ ለሚገኘው ለኬተርሃም ካርስ ሸጠ። ኬተርሃም ግን የሰቨንን ዝርያ መሥራቱን ቀጠለ፤ ዛሬም በእንግሊዝ አገር መኪናውን በካርቶን ገዝቶ ቤቱ መገጣጠም ለሚፈልግ ሰው ይሸጣል። ግብሩ ቀረ፤ የመሥራት ፍቅሩ ግን አልቀረም።

የአስተማሪው መጽሐፍ

በ1996 ደግሞ ነገሩን ወደ ተራው ሰው ያወረደ መጽሐፍ ወጣ። ደራሲው ሮን ቻምፒየን በአውንድል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። መጽሐፉ በ250 ፓውንድ ብቻ የራስን ስፖርት መኪና ስለ መሥራት የሚያስተምር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ አሮጌ ፎርድ ኤስኮርት፣ አካሉ ዝጎ ለመንገድ የማይበቃ ግን ሞተሩ ደኅና የሆነ፣ በርካሽ ይገዛል። ከእርሱ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ መሪውና ፍሬኑ ይወጣል። ሻንሲው ደግሞ ከማንኛውም ብረት መሸጫ ከሚገኝ፣ ጎኑ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ በቤት ውስጥ ይበየዳል። የሚወጣው መኪና መልኩ ሰቨንን ይመስላል። ሰዎቹም ከርካሽነቱ የተነሣ በቀልድ “ሎኮስት” ብለው ሰየሙት።

ሁሉም በ250 ፓውንድ ጨርሷል ማለት አይደለም። ጎማ፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ምርመራው ሁሉ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ለብዙ አባትና ልጅ፣ ለብዙ ትምህርት ቤት ተማሪም “እኔም እችላለሁ” የሚል ድፍረት ሰጠ።

ሌላም መንገድ አለ። በፋብሪካ ተሠርተው የነበሩ፣ በኋላ ግን የተበተኑ መኪናዎችን መልሶ መገጣጠም ማለት ነው። ለምሳሌ ኤም ጂ ቢ የተባለው ስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከዚህም የተነሣ መለዋወጫው ሞልቷል፤ ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ የብረት አካሉ በቀድሞው የፋብሪካ ማሽን እንደ አዲስ መመረት ጀምሯል። ስለዚህ ሞተሩን ከአንዱ፣ በሩን ከሌላው፣ አካሉን ከአዲስ አድርጎ አንድ ሙሉ መኪና ማቆም ይቻላል።

ከመግዛት በፊት ቁጠሩ

አሁን ወደ ካርቶኖቹ እንመለስ። አንድ ሰው ራሱ የፈታውን መኪና መልሶ መግጠምና ሌላ ሰው ፈትቶ የተወውን መግዛት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ራሳችሁ ስትፈቱ ዓይናችሁ አይቷል፤ እጃችሁ ያስታውሳል። የሌላ ሰው ካርቶን ስትገዙ ግን የምትገዙት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው የመርሳት ችግርም አብሮ ይመጣል። ምን እንዳለ ይታያል። ምን እንደጎደለ ግን አይታይም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው የሚያደርጉት ነገር አለ። የመኪናውን የመለዋወጫ መጽሐፍ ያገኛሉ። በዚህ መጽሐፍ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ በሥዕል ተበትኖ፣ በቁጥር ተለይቶ ይታያል። ከዚያም ካርቶኖቹን ሁሉ ወለል ላይ ይዘረግፉና አንድ በአንድ ምልክት ያደርጋሉ። ያልተገኘው ሁሉ በወረቀት ይጻፋል፤ አጠገቡ ዋጋው ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ትልቁ ዕቃ አይደለም። ሞተር ይገኛል። የመስተዋት ማቀፊያው፣ የበሩ እጀታ፣ የዳሽቦርዱ ትንሽ ቆጣሪ ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ሌላው ወረቀት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል። ሰነድ የሌለው መኪና የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም እንኳ ታርጋ ለማግኘት ያለው ጣጣ ብዙ ነው። ርካሽ መስሎ የተገዛ ዕቃ በመጨረሻ ሕሊናንም ገንዘብንም ያስከፍላል።

ግንብ ሊሠራ ወድዶ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ስላልቆጠረው ሰው ጌታ የተናገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። በእንግሊዝ አገር የአሮጌ መኪና ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይህን ምሳሌ በየገጹ ያገኘዋል። “ያልተጠናቀቀ ሥራ፣ በቦታ ጥበት ምክንያት የሚሸጥ” የሚል ዓይነት ማስታወቂያ አይጠፋም። ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጀርባ መሠረቱን ጥሎ መደምደም ያቃተው አንድ ሰው፣ ምናልባትም ዓመታት ሙሉ በዕቃ መሐል የተረማመደች አንዲት ሚስት አሉ።

ሥራው እንዴት ይሄዳል?

በመጀመሪያ ሻንሲው ነው። ከቱቦ የሚሠራ ከሆነ ልኩ በሙሉ መጠን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይሳላል። ቱቦዎቹ ተቆርጠው በሥዕሉ ላይ ይደረደራሉ። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ወዲያው ሙሉ በሙሉ መበየድ ይጀምራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የብየዳ ሙቀት ብረቱን ይጎትተዋል፤ አንዱን ጥግ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ የመጀመሪያው ጠምሞ ታገኙታላችሁ። ዐዋቂው ግን አስቀድሞ ሁሉንም በትናንሽ የብየዳ ነጥቦች ብቻ ያያይዛል። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል ማለት ነው፤ ካልሆኑ ነጥቡን ቆርጦ ማስተካከል አሁንም ቀላል ነው። ሙሉው ብየዳ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተቀያየረ ይሠራል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባል የለ?

ቀጥሎ ሁሉም ነገር ለሙከራ ያህል ይገጠማል። ሞተሩ ይገባል፤ መሪው ይታሰራል፤ ጎማው ይሰቀላል። ቀለም ገና አልተቀባም። ዓላማው የማይገጥመውን ማወቅ ነው። ካወቁ በኋላ ሁሉም እንደገና ይፈታል፤ ይጸዳል፤ ይቀባል። ለጀማሪ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መኪና መስሎ የቆመውን መልሶ መበተን ልብ ይሰብራል። ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ቀዳዳ መብሳት ግን የባሰ ነው።

ሦስተኛው ምልክት ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ቡሎን በላስቲክ ከረጢት ይገባል፤ ከየት እንደወጣ ይጻፍበታል። ከመፍታት በፊት ፎቶ ይነሣል። በተለይ በድሮ የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ እንደ ዘመናቸው የቡሎናቸው ጥርስ ዓይነት ይለያያልና። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቡሎኖች ጥርሳቸው አይስማማም። በጉልበት የገባ ቡሎን ጥርሱን ይበላል፤ መንገድ ላይም ይፈታል።

ሞተሩ ሲገጠም ወዲያው አይነሣም። አስቀድሞ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ ዘይቱ ወደ ሁሉም ኩሽኔታ እስኪደርስና የዘይት ግፊቱ በቆጣሪው ላይ እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ ብቻ እንዲዞር ይደረጋል። ዓመታት ሙሉ ቆሞ የነበረ ሞተር በደረቁ ቢነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይበላል። ከዚያ በኋላ ካንዴላው ይገባል፤ ቤንዚን ይሰጣል። የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ እንደሚወጣ አትጠራጠሩ!

የማይቀለድባቸው

መኪና ከሌላ የቤት ሥራ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የተሳሳተ ቁም ሳጥን በሩ አይዘጋም። የተሳሳተ መኪና ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን ጠበቅ አድርጌ ላንሣ።

ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ መግባት የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሁልጊዜ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሥሩ ይደረግ። ባዶ የቤንዚን ታንክም ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ጋዝ የብየዳ ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳልና በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይበየድም። የድሮ የፍሬን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእንግሊዝ አገር አስቤስቶስ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራን የፍሬን አቧራ በአየር ማራገፍ ሳንባን ለከባድ በሽታ ማጋለጥ ነው። ሕፃናትም ከዚያ አካባቢ ይራቁ።

ፍሬን ላይ አሮጌ ጎማ ነክ ዕቃ አይመለስም። ቱቦው፣ ውስጣዊ ጎሚኒው፣ ዘይቱ ሁሉ አዲስ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። እርጥበት ያለው ዘይት በሙቀት ይፈላል፤ የፈላው እንፋሎት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለል ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

ፍሬን ላይ ሳለን አንድ ነገር ልጨምር። ከፍሬን ቱቦ ውስጥ አየር ማስወጣት በተለመደው መንገድ ሲሠራ ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ይከፍታል። ዘይቱ ከአየሩ አረፋ ጋር ወደ ብርጭቆ ይወርዳል። ቡሎኗ ከመዘጋቷ በፊት ግን ፔዳሉ መለቀቅ የለበትም፤ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። “ርገጪ… ያዢ… ዘጋሁ፣ ልቀቂ” እየተባባሉ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በአራቱም ጎማ ይደጋገማል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። በብዙ ቤት በመሪው በኩል የምትቀመጠው ሚስት ወይም ልጅ ናት። በዚያች ሰዓት የሁሉም ሕይወት የሚወሰነው በመደማመጥ ነው።

የመንግሥት ምርመራ

“ራሱ የገጣጠመውን መኪና ዝም ብሎ መንገድ ላይ ያወጣዋል?” ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አያወጣም። በእንግሊዝ አገር ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች ልዩ ምርመራ በ1998 ተጀመረ፤ በ2009 ደግሞ ይበልጥ ጠበቅ ባለ ሌላ ምርመራ ተተካ። መርማሪው ፍሬኑን ይለካል፤ ጭሱንና ድምፁን ይለካል፤ የመቀመጫ ቀበቶው የታሰረበትን ይፈትሻል፤ መብራቱን፣ መስተዋቱን፣ ፍጥነት መለኪያውን ያያል። ስለታም የሆነ ጠርዝ ሁሉ እንዲለዝብ ያዛል፤ መኪናው እግረኛ ቢነካ እንዳይቆርጠው ነው።

ብዙዎች በመጀመሪያው ሙከራ አያልፉም። የመውደቂያ ምክንያቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሽፋን የሌለው የአንድ ቡሎን ጫፍ ይበቃል። ሰውየው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አስተካክሎ እንደገና ይቀርባል። ሲያልፍ ታርጋ ይሰጠዋል። ዕቃው ከየቦታው የተለቃቀመና ዘመኑ በትክክል የማይታወቅ ከሆነ ታርጋው “ኪው” በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል። ይህን ታርጋ ያየ ሁሉ “ይህ መኪና ከብዙ ቦታ የመጣ ነው” ብሎ ያውቃል። አንዳንዱ በዚህ ያፍራል። እኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። ከየት እንደመጣ ሳይደበቅ፣ ተፈትሾ፣ አልፎ መንገድ ላይ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው።

ቤቱስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መኪና ቢሠራ መልካም ነው፤ ባይሠራም ዓለም አትገለበጥም። በካርቶኑ ዙሪያ ያለው ቤት ቢፈርስ ግን መለዋወጫ የለውም።

እኔም ሚስትና እናት ነኝና ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ በእጁ የሚዳስሰው፣ ጀምሮ የሚጨርሰው ነገር ቢሻ አይፈረድበትም። እርሷ ደግሞ እራት ቀርቦ ሲቀዘቅዝ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን ሲደርስ፣ በቅባት የተነከረ ቱታ ከሕፃን ልብስ ጋር ተቀላቅሎ ስታገኝ ብታዝን አይፈረድባትም። ችግሩ መኪናው አይደለም። ችግሩ ሳይነጋገሩ መጀመሩ ነው። ይህ ደግሞ መኪና ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ቤት ሲሠራም፣ ንግድ ሲከፈትም፣ ትምህርት ሲጀመርም እናየዋለን።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ረጅም ሥራ ቤታችሁ ሊገባ ሲል ካርቶኑ ከመግባቱ በፊት እነዚህን ተነጋገሩባቸው።

ገንዘቡ፦ በወር ስንት? ይህ ልክ ከቤት ወጪ ተለይቶ ይቀመጥ። ካለቀ እስከሚቀጥለው ወር ይጠበቅ። የወጣው ሁሉ በግልጽ ይጻፍ። የተደበቀ ደረሰኝ ከተደበቀ ዝገት የከፋ ነው፤ ላዩን ቀለም ቢቀቡትም ውስጡን ይበላል። በሽያጭ እናተርፍበታለን ብላችሁም አትጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀው መኪና የሚያወጣው ዋጋ ከወጣበት ያነሰ ነው።

ጊዜው፦ የትኞቹ ምሽቶች ለሥራው፣ የትኞቹ ለቤተሰብ እንደሆኑ ይወሰን። በሳምንት ሁለት ምሽት ያለማቋረጥ የሠራ ሰው፣ አንድ ወር ቀንና ሌሊት ሠርቶ ስድስት ወር ከሚተወው ቀድሞ ይጨርሳል።

ቦታው፦ ዕቃው ከተመደበለት ክፍል አይውጣ። ካርቡራተር የምግብ ጠረጴዛ ላይ አይታጠብም!

ልጆቹ፦ ወንዱንም ሴቷንም አስገቡ። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ቡሎን በየዓይነቱ መለየት ትችላለች። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ሽቦ በቀለሙ ለይቶ ማሰር ይችላል። ልጅ አባቱ ተሳስቶ፣ ስሕተቱን አምኖ፣ ፈትቶ እንደገና ሲሠራ ማየቱ ብዙ ያስተምረዋል። ከአፍ ከሚሰማው ምክር ይልቅ ይህ ይቀረዋል።

ማቆሚያው፦ ሥራው ካልሄደ መቼ እንደምትሸጡት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቆጥሮ ያልሆነለትን መተው ሽንፈት አይደለም። ሳይሠሩትም ሳይተዉትም ዓመታት ማስቀመጥ ግን ለሁሉም ሸክም ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ያቺ አሮጌ አውስቲን ባትከስር ኖሮ ወደ ጋራዡ ባልገባች ነበር። ጋራዡ ባይከፈትላትም የሆነ ቦታ ዝጋ በቀረች ነበር። ሄዝል ቻፕማን ባለቤቷ በ1982 ድንገት በልብ ሕመም ከሞተ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኖራ በ2021 አረፈች። ስለ ድርጅቱ አጀማመር የሚያወራ ሁሉ ስሟን ሳያነሣ አያልፍም። ቡሎን በመፍታት ከባሏ በልጣ አይደለም፤ ሥራው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሁለቱም ስለነበረ ነው።

አንድ ቀን እንግዲህ በእናንተም ደጅ ካርቶን ሊቆም ይችላል። መኪና ላይሆን ይችላል፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የዶሮ ቤት ሽቦ፣ የማታ ትምህርት መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። “ይህ ምንድን ነው?” ብላችሁ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ወይም “ይኸው!” ብላችሁ ካርቶኑን ከማስገባታችሁ በፊት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ያለውንና የጎደለውን አንድ በአንድ ጻፉ። ከዚያ መጀመሪያ ቡና አፍሉ፤ ሥራው ነገም ይደርሳል።